ገመድ ያልደረሰበት ተራራ፦ የናንጊና የሞሃሬ ዳንዳ ጉዞ

ኔፓል የሄድኩት ኤቨረስትን ለማየት አይደለም። ምያግዲ በሚባል ወረዳ ውስጥ ናንጊ የምትባል የተራራ መንደር አለች። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የስልክ መስመር እንኳ ሳይደርሳት፣ በዋይፋይ አንቴና ኢንተርኔት አስገብታለች። ዋይፋይ ስል ያው ካፌ ቁጭ ብለን የምንጠቀምበትን ነው። እነሱ ግን በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ከተራራ ተራራ አሻገሩት። እኔ ሥራዬ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተሮች መጠገን ነው፤ ስለ ናንጊ ካነበብኩ ጀምሮ ቦታውን በዓይኔ ለማየት ስመኝ ኖሬ በ2018 ዓ.ም. ተሳካልኝ። ነገ ሌላ ሰው ቢሄድ ይጠቅመዋል ብዬ መንገዱንም ዋጋውንም እጽፋለሁ።

ጥቅምት 16፣ ካትማንዱ

መጀመሪያ ስለ ቪዛ። የብዙ አገር ሰው ካትማንዱ ኤርፖርት ሲደርስ ቪዛ ይመታለታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን ይህ አይሠራም፤ ከኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው። እኔ ደልሂ ላይ ጨርሼ ነው የተሻገርኩት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አስቡበት።

ሰዓታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። የራሳቸው የዘመን አቆጣጠርም አላቸው፣ ያኔ 2082 ላይ ነበሩ። እኛ 2018 ላይ ሆነን ከፈረንጅ ጋር ቀን ስንቀያይር ለምንኖር ሰዎች ይህ እምብዛም አያስገርምም። ገንዘቡም ቀለለኝ። አንድ ዶላር ያኔ ወደ 140 ሩፒ ነበር የሚመነዘረው፣ የእኛም ብር እዚያው አካባቢ ስለነበረ ሩፒውን እንደ ብር እየቆጠርኩ ነው የከረምኩት። ሻይ 40፣ ደህና ክፍል 1,800። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ርካሽ ነው።

ጥቅምት 17፣ ፖካራ

ከካትማንዱ ፖካራ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን መንገዱ እየሰፋ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አውቶቡሱ 1,200 ሩፒ። አቧራውን አልነግራችሁም፣ ማስክ ያዙ።

ፖካራ ላይ ሁለት ነገር ጨረስኩ። የአናፑርና ጥበቃ ክልል መግቢያ ፈቃድ 3,000 ሩፒ አወጣሁ። በቀን 3,500 የሚከፈለው መንገድ መሪም ያዝኩ፤ ትሁት ልጅ ነው፣ የቤኒ ከተማ ተወላጅ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ። ማታ ሐይቁ ዳር ቆመን ወደ ሰሜን ምዕራብ እየጠቆመ «የምንሄድበት ጫፍ በዚያ በኩል ነው» አለኝ፤ የኔትወርኩ ማማ የቆመበትን ተራራ፣ ሞሃሬ ዳንዳን፣ ማለቱ ነው። ደመና ነበር፣ ምንም አልታየኝም። አሞራ ቢሄደው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመኪና ግን ተራራውን ዞሮ፣ ወንዝ ተከትሎ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ነው። በዚያ ዙሪያ ጥምጥም ላይ ገመድ መዘርጋት ምን እንደሚያስወጣ አስቡት። አንቴናው ከተራራው ጋር ክርክር የለውም፤ ጫፍና ጫፉ ከተያየ ሸለቆው ምንም ያህል ቢጠልቅ አይመለከተውም።

ጥቅምት 19፣ ወደ ቤኒና ሽቅብ

ጥቅምት በኔፓል ሰማይ የሚጠራበት ወር ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ግን ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሳ አውሎ ነፋስ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይዞ መጣ፣ እኛም ልክ እሱ ሲጀምር ተነሳን። ፖካራ–ቤኒ አውቶቡስ 500 ሩፒ ነው፤ መንገዱ እስከ ቤኒ ደህና ነው። ከቤኒ በላይ ግን ጂፕ ነው፣ ለአንድ ሰው 800፣ የጭቃ መንገድ። ለዘጠኝ ሰው በተሠራ መኪና አሥራ አራት ሆነን፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ጆንያ ሩዝና አንድ በግ ጭነን ተነሳን።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማው ሰጠመ። ሹፌሩ «ውረዱ» አለ፣ ሁሉም ያለ አንዳች ማጉረምረም ወረደ። ወንዶቹ ገፉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ አቀበሉ፣ እኔም እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ገፋሁ። አልወጣም። መንገድ መሪዬ ሰማዩን አየና «በእግር ይሻላል» አለኝ። ሦስት ሰዓት ያህል በዝናብ ተጓዝን። በዳገቱ ላይ ደረጃ በደረጃ የተሠራው እርሻ ሁሉ ዳጉሳ ነበር፤ ደርሶ ዝናቡ ላዩ ላይ ሲወርድበት ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚያዩት እኛ አገር አጨዳ ላይ ዝናብ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ጨልሞ ነው የገባነው። ያረፍንበት የማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው፤ ገቢው ወደ መንደሩ ይገባል። ክፍል 700፣ እራት 500። እራቱ ከዳጉሳ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ ነው፣ ዲዶ ይሉታል፤ ከጎኑ የኮመጠጠ የጎመን ሾርባ። ቅቤና በርበሬ ባይኖረውም አገነፋፉ የእናቴ ነው። ዳጉሳ መነሻው የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መሆኑን ስነግራቸው አስተናጋጇ ሳቀችና «እንግዲያ የመጣኸው ዘመድ ልትጠይቅ ነው» ብላ ጨመረችልኝ። ሁሉም «ዲዲ» ይሏታል፣ ታላቅ እህት እንደማለት፣ እኔም ዲዲ ስላት ከረምኩ።

ጥቅምት 20 እና 21፣ ናንጊ

ዝናቡ አልለቀቀም። ወደ ጫፉ መውጣት የማይታሰብ ነበር፣ ስለዚህ መንደሩ ውስጥ ከረምን። ጥሩም ሆነ፣ ታሪኩን ከቦታው ሰማሁት።

ናንጊ ባሕር ጠለል ላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብዙው ነዋሪ ፑን ማጋር ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ በሕንድ ወይም በእንግሊዝ ጦር ያገለገለ ሰው አይጠፋም። ይህን ኔትወርክ የጀመሩት ማሃቢር ፑን የተወለዱት እዚህ ነው። አሜሪካ ኔብራስካ ተምረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተመለሱና ትምህርት ቤቱን ማሳደግ ላይ ተጠመዱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ ፈረንጅ ናቸው።) መብራት የለም፤ ከጅረቱ ትንንሽ የውሃ ጄኔሬተር አቆሙ። ኮምፒውተር የለም፤ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሰብስበው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ገጣጠሙ። ይህን የእንጨት ሳጥን ነገር ሳነብ ፎቶ ላይ ብቻ የማየው መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ግን ትላልቆቹ ሰዎች «እኔ እዚያ ላይ ነው መጻፍ የተማርኩት» ይሏችኋል።

ኮምፒውተሩ ተገኘ፣ ኢንተርኔት ቀረ። በ2001 ፑን ለቢቢሲ ጻፉ፣ «እንዴት አድርገን መንደራችንን እናገናኝ» ብለው። ጉዳዩ ሲሰማ ከውጭ በጎ ፈቃደኞች መጡ። ከቴሌቪዥን ሳህን የተሠሩ አንቴናዎችን ዛፍ ላይ አስረው ሞከሩ፣ ሠራ። ልብ በሉ፣ ያኔ አገሪቱ በማኦይስቶችና በመንግሥት ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የሬዲዮ መሣሪያ ማስገባት ተከልክሎ ነበር፣ ዕቃው በድብቅ ነው የገባው። ማማ ተራራ ላይ ማቆም ለሁለቱም ወገን አጠራጣሪ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ናንጊና ጎረቤቶቿ የተገናኙት። ፑን በ2007 በእስያ ትልቅ ክብር ያለውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተቀበሉ፣ በ2014 ደግሞ የኢንተርኔት የዝና አዳራሽ ውስጥ ገቡ። በ2025፣ ከኔፓል ወጣቶች አመጽ በኋላ በተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት፣ እኛ መስከረም በምንለው ወር የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሹመው ነበር። ስማቸው ሲነሳ ዲዲ ወጡን ትታ ታዳምጣለች።

ምን ሠሩበት? ካትማንዱ ሞዴል ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች በቪዲዮ የመንደሩን በሽተኛ አዩ። መምህር ያልተገኘለትን ትምህርት ከሌላ መንደር ሆኖ አንድ መምህር ለሁለት ትምህርት ቤት አስተማረ። ላይ ተራራ ላይ ያክ የሚባለውን ጸጉራም ከብት የሚያረቡት ሰዎች ገበያ ሳይወርዱ ዋጋ ጠየቁ። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። «ኢንተርኔት ገባ» ተብሎ ሪባን ተቆርጦ የቀረበትን ስንት ቦታ አይቻለሁ። እዚህ መጀመሪያ ጥያቄው መጣ፣ አንቴናው ከዚያ ተከተለ።

አሁን የሞባይል ሲግናል ናንጊ ይደርሳል፤ ስልኬ ሠርቷል፣ ዝናቡ ሲከብድ ብቻ ይዘገያል። ታዲያ የተራራው ኔትወርክ ለምን ያስፈልጋል? ስጠይቅ የትምህርት ቤቱ መምህር የሰጠኝ መልስ ቀላል ነው። የሞባይል ዳታ በጊጋባይት ይከፈላል፣ አርባ ተማሪ አንድ ቪዲዮ ሲከፍት ያልቃል። ደግሞም ሸለቆው ውስጥ ከወረዱ ሲግናል የማያገኙ ሠፈሮች አሁንም አሉ። ሌላው መምህር «ሎራ የሚባለው የሬዲዮ ዘዴስ? ረጅም ርቀት ይሄዳል ይላሉ» አለኝ። ይሄዳል፤ ግን በሴኮንድ ከ50 ኪሎቢት አይበልጥም፣ የውሃ ታንከር ደረጃ ወይም የአየር ሙቀት ለመላክ እንጂ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ለማስገባት አይደለም። ይህን ግራ መጋባት እኛም አገር ስለሰማሁት ነው የጻፍኩት።

ጥቅምት 22፣ ሞሃሬ ዳንዳ

ጠዋት ጠራ! ከናንጊ ወደ ጫፉ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፣ በትላልቅ የሮዶደንድሮን ዛፎች መሃል። መንገዱ ያዳልጣል፣ ከላይ የወረደ በረዶ ጥላ ሥር አልቀለጠም ነበር። ከእኛ ጋር የኔትወርኩን ዕቃ የሚጠብቀው ሰውዬ ወጣ። ዕድሜው አርባ ገደማ ይሆናል። መንገድ መሪዬ «ዳይ» ይለዋል፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ዳይ ጀርባው ላይ የመኪና ባትሪ የሚያህል ባትሪ ተሸክሟል፣ ማንገቻው ግንባሩ ላይ ነው። ልርዳህ ብለው አልሰማ አለኝ። እኔ ካሜራዬን ብቻ ይዤ ትንፋሼ ሲያጥር እሱ እያወራ ይወጣል።

ጫፉ 3,300 ሜትር ነው። ዳውላጊሪ፣ 8,167 ሜትር፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። አናፑርና ደቡብና ማቻፑችሬ በስተ ቀኝ። ሰው ይህን ለማየት ነው የሚመጣው፣ ይገባዋልም። እኔና ዳይ ግን ወደ ማማው ሄድን።

ማማው የብረት ቱቦ ነው፣ በሽቦ የተወጠረ። ላዩ ላይ ሳህኖች ወደየአቅጣጫው ዞረዋል። ሥሩ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ፣ ጎኑ ሶላር። አንዱ ሬዲዮ የሚበላው ኃይል ከ10 ዋት በታች ነው፣ አንድ ደህና አምፖል የሚፈልገውን ያህል። ለዚህ ነው በፀሐይ የሚኖረው። «ሬዲዮው አያስቸግርም» አለኝ ዳይ። «የሚያስቸግረኝ ባትሪ ነው። ከዚያ መብረቅ።» ከክረምቱ በፊት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ነጎድጓድ ይበዛል። መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደው የምድር ሽቦ ከዐለቱ ላይ የትም አይገባም፣ ስለዚህ ረጅም ሽቦ ወደ ታች ወስደው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረውታል። ይህን ነገር ፎቶ አነሳሁ፤ እኛ ዐለት ላይ ያቆምናቸው ምሰሶዎች ለምን እንደሚቃጠሉ ገባኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋይፋይ በተፈጥሮው ለአጭር ርቀት ነው የተሠራው። አንዱ መልእክት ልኮ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል፣ ቶሎ ካልመጣ ጠፋ ብሎ ደግሞ ይልካል። ብርሃን ራሱ 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሴኮንድ አንድ አሥር ሺህኛ ይፈጅበታል፤ ለሬዲዮው ይህ ረጅም ነው። ስለዚህ የሚጠብቅበትን ጊዜ በሶፍትዌር ማርዘም ያስፈልጋል። ሲረዝም ምን ያህል ይሄዳል? ቬንዙዌላ ውስጥ ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊና ባልደረቦቹ በ2007 በሁለት ተራሮች መካከል 382 ኪሎ ሜትር አሻግረውታል። ያ ለሙከራ ነው። ለዕለት ሥራ ግን 30 እና 40 ኪሎ ሜትር የትም የሚሠራ ነገር ነው፣ ጫፍና ጫፉ ይተያይ እንጂ።

ማረፊያው እዚህም የማኅበረሰብ ነው፣ ምግብ 650፤ ሩዙና ምስሩ ሁሉ በሰው ጀርባ ስለሚወጣ አይበዛበትም። ሌሊቱን ውሃው ባልዲ ውስጥ በረደ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምሬ ነው።

ጥቅምት 23፣ ከጫፉ ማዶ

ዛሬ ወደ ናንጊ ልንመለስ ነበር። ዳይ ግን ጠዋት ስልክ ተደወለለት፤ በሸለቆው ማዶ ያለ አንድ ትንሽ ጤና ኬላ ኢንተርኔቱ ጠፍቶበታል። ትመጣለህ ወይ አለኝ። እንዴት አልሄድም!

እስክንወርድና እስክንወጣ እኩለ ቀን አለፈ። ነርሷ በር ላይ ጠበቀችን። «ዝናብ ሲመጣ ይሄዳል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። አሁን ግን ከዘነበ ጀምሮ ጨርሶ ጠፋ» አለች። አንድ እርጉዝ ሴት ነበረች፣ ከከተማው ሐኪም ጋር ሊያነጋግሯት ሞክረው መስመሩ ሦስቴ ተቆርጦ በመጨረሻ በስልክ ድምፅ ብቻ ጨርሰዋል። ሁሉም ዝናቡን ነው የሚከሰው።

ዳይ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ላፕቶፑን ከፈተ፤ ሲግናሉ ከዜሮ በታች 83 ዲቢኤም (የሲግናል መለኪያ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)፣ ማለትም በጣም ደካማ። በመነጽር ወደ ጫፉ አየሁ፤ ማማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ይታያል እኮ» አልኩት። እሱ ወደ ጫፉ አላየም። ወደ ታች፣ ከጤና ኬላው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ አንድ ዛፍ ላይ ነው ያፈጠጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሬዲዮ በሚሠራበት የሞገድ ድግግሞሽ፣ በ5.8 ጊጋኸርትዝ፣ ላይ ዝናብ ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ ዝናብ ክፉኛ የሚያጠቃው ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ ያለውን ነው። የሚጎዳው ውሃ የጠጣ ቅጠል ነው። ለዓይን መታየቱም ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም፣ መሃሉ ላይ ይወፍራል። ይህ መስመር 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ በሁሉም አቅጣጫ 10 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ዛፉ ጋ እንኳ 5 ሜትር ያህል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው መከፈት አለበት። አንቴናው ሲተከል ዛፉ ትንሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አንቴናውን አልነካም፣ ዛፉ ግን አደገ።

ዛፉ የአንዲት አሮጊት ነው፣ የከብት መኖ ነው። ቤታቸው ገብተን ሻይ ጠጣን፣ ዳይ «አማ»፣ እናቴ እንደማለት፣ እያለ በእርጋታ አስረዳቸው። ሴትዮዋ ሰምተው ሰምተው «አሁን ከቆረጥኩት ጥር ላይ ጎሼ ምን ይበላል?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሣሩ በዚያ ወር ያልቃል፣ ዛፉ ለዚያ ነው የተቀመጠው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም «ለልማት ነው» ብሎ አልጫናቸውም። ወዲያና ወዲህ ተባብለው፣ የጤና ኬላው ኮሚቴ ለጥር ሁለት ሸክም ገለባ ሊሰጣቸው፣ እሳቸው ደግሞ የላይኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ሊያስቆርጡ ተስማሙ። የልጅ ልጃቸው ማጭድ ይዞ ወጣ። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ጎሿ ቀድማ ደረሰች።

ጣሪያው ላይ ተመለስን። 67። ከዜሮ በታች 83 የነበረው 67 ሆነ፣ ቅጠሉ ገና ውሃ እያንጠባጠበ። ነርሷ ቪዲዮ ከፈተች፣ የከተማው ሐኪም ፊት ጥርት ብሎ መጣ። አሮጊቷም መጥተው ነበር፤ ልጃቸው ካታር ነው የሚሠራው፣ በዚሁ መስመር ያዩታል። እናቶች ልጃቸውን ከአረብ አገር በስልክ ሲያዩ የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነው፤ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው «ከሳህ» ይላሉ። ኔፓልኛ አልችልም፣ ግን ምን እንዳሉት መንገድ መሪዬ ሳይነግረኝ ገብቶኛል።

ነርሷን ለዳይ ምን ያህል እንደሚከፈለው ጠየቅኋት። ከየመንደሩ በወር ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፣ ከዚያ ላይ ነው። በቂ አይደለም፣ እሱም እርሻ ያርሳል። ይህን ገንዘብ የሚያዋጣ መንደር ባይኖር የዛሬውን ዛፍ ማን ያይ ነበር? ዕቃ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ዕቃው ከተተከለ ከሦስት ዓመት በኋላ ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሰው ደመወዝ የመደበ ግን በሥራዬ አላጋጠመኝም።

ጥቅምት 25፣ ካትማንዱ

መመለሻው ቀና ነበር፣ ጂፑም አልሰጠመም። ካትማንዱ ላይ የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ገባሁ። ለውጭ የሚሆን ጥንድ ባለ 5 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ከነሳህኑ 24,000 ሩፒ ጠሩልኝ፣ ባለ 100 ዋት ሶላር ከነባትሪውና ከመቆጣጠሪያው ጋር ወደ 30,000። ሁለት ቦታ የሚያገናኝ ነገር በአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ማለት ነው።

መግዛት አምሮኝ ነበር፣ ግን አልገዛሁም። ሬዲዮ መሣሪያ ወደ አገር ቤት ለማስገባት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ያለዚያ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መስመር ለመዘርጋትም በየትኛው ፈቃድ እንደሚገባ መጀመሪያ መጠየቅ አለብኝ። ስለዚህ ከወረቀቱ ጀምሬያለሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ ምን ፎርም እንደሞላና ስንት ወር እንደፈጀበት ቢጽፍልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለ ናንጊ መንገድ የሚጠይቀኝም ካለ የመንገድ መሪዬን አድራሻ ፈቃዱን ጠይቄ እሰጣለሁ።